ያውቁ ኖሯል? ከብርሃን የሚወለድ ጨለማ

ብርሃን በብርሃን ላይ ተደምሮ ጨለማ እንደሚሰጥ ያውቁ ኖሯል? ከአንድ ምንጭ የተከፈሉ ሁለት ሞገዶች ግድግዳ ላይ ሲገናኙ ጫፍ ከጫፍ የገጠመበት ይደምቃል፤ ጫፍ ከጎድጓዳ የገጠመበት ይጠቁራል። የመንገዳቸው ልዩነት ሙሉ ሞገድ ከሆነ ብሩህ መስመር፣ ግማሽ ከተረፈው ጥቁር መስመር ይወጣል።

ጥቁሩ ቦታ ላይ ብርሃኑ ጠፍቶ አይቀርም። የብሩሁ መስመር መሐል አንዱ ሞገድ ብቻውን ከሚሰጠው 4 እጥፍ ይደምቃል፤ ከጥቁሩ የጎደለው ወደዚያ ሄዷል።

ይህን እ.ኤ.አ. በ1803 የፀሐይ ጨረርን በቀጭን ካርድ ከፍሎ ለንደን ላይ ያስረዳው ቶማስ ያንግ ሙያው ሕክምና ነበር።

በክረምት የአሰላን አስፋልት የሚያቀልመው የዘይት ጠብታም ሥራው ይኸው ነው፤ ከዘይቱ ላይኛና ታችኛ ገጽ የሚመለሱት ሞገዶች ይገናኛሉ። የሳሙና አረፋ ደግሞ ሊፈነዳ ሲል አናቱ ይጠቁራል። ከላይኛው ገጽ የሚመለሰው ሞገድ ይገለበጣል፣ ከታችኛው የሚመለሰው አይገለበጥም፤ ሽፋኑ እጅግ ሲሳሳ ሁለቱ ይጠፋፋሉ።

የፀጉርዎን ውፍረት በብርሃን መለካት እንደሚችሉስ? ባለ 650 ናኖሜትር ቀይ የእጅ ሌዘር በአንዲት ፀጉር ላይ አልፎ 2 ሜትር የራቀ ግድግዳ ላይ ይረፍ። ጥቁሮቹ መስመሮች በ16 ሚሊሜትር ገደማ ከተራራቁ ፀጉሩ 0.08 ሚሊሜትር ነው። ጨረሩን ወደ ማንም ዓይን አያዙሩ፤ ሕፃናት ካሉ እንዲያውም ይተዉት።

ለአርሲ ሰው ግን ትልቁ ጉዳይ እዚያው ቅርቡ ነው። በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ያለው የአሉቶ እሳተ ገሞራ ሲያብጥና ሲሟሽሽ የታየው በእነዚሁ መስመሮች ነው። ሳተላይት በተለያየ ጊዜ በአንድ ቦታ ላይ የራዳር ሞገድ ይልካል፤ ሁለቱ ምላሾች ሲነጻጸሩ የመሬቱ እንቅስቃሴ እንደ ቀለበት ተደራርቦ ይወጣል። የኤንቪሳት ሳተላይት ሞገድ 5.6 ሴንቲሜትር ነበር። ጨረሩ ደርሶ መልስ ስለሚጓዝ አንድ ቀለበት የሚቆጠረው የዚያ ግማሽ፣ 2.8 ሴንቲሜትር ነው። አሉቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ 15 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ነበር፤ አምስት ቀለበት መሆኑ ነው! የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ኤልያስ ሌዊ የተሳተፉበት ጥናት ይህን እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ አደረገ። ከአሰላ በስተሰሜን ያለው የቦራ እሳተ ገሞራም እንዲሁ ሲንቀሳቀስ ተገኝቷል። ቀለበቶቹ መሬቱ ምን ያህል እንደተነሳ ይናገራሉ፤ ከሥር የገፋው ቅልጥ አለት ይሁን ፍል ውሃ ግን በራሳቸው አይለዩም።