የጠፍር አልጋ

ነቀምቴ ላይ ክረምት ቶሎ ገብቶ ዘግይቶ ይወጣል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ይህች የወለጋ ከተማ ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናብ አይለያትም። በዚህ ወቅት አንዲት ክፍል ተከራይቶ የስፖንጅ ፍራሹን ሲሚንቶ ወለል ላይ ዘርግቶ የሚተኛ ሰው፣ አንድ ቀን ሊያናፍሰው ብሎ ሲያነሣው ከሥሩ ጠቆር ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ያገኛል። ሽታው ከዓይን ቀድሞ ይደርሳል። ጣሪያው አያፈስም፤ አንሶላውም ደረቅ ነው። ታዲያ ውኃው ከየት መጣ?

ከተኛው ሰው ነው የመጣው። ሰውነት ሌሊቱን ሙሉ በላብ እርጥበት ያወጣል። እርጥበቱ በሙቀት ተንኖ በስፖንጁ ውስጥ ወደ ታች ይሰርግና ቀዝቃዛው ወለል ጋ ሲደርስ ተመልሶ ውኃ ይሆናል፤ የድስት ክዳን ላይ እንፋሎት እንደሚንጠባጠበው ማለት ነው። ከዚያ መውጫ የለውም። እዚያው ታፍኖ ሻጋታ ይወልዳል።

በትንንሽ ጀልባዎች ጓዳ ውስጥ የሚያድሩ ሰዎች ይህንን ጣጣ ከማንም በላይ ያውቁታል። የጀልባዋ ጎን ከውጭ በኩል ቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ ጓዳዋ ጠባብ፣ አየሯም የታፈነ ነው። ባሕር ላይ ከሆነች ደግሞ ጨው ይጨመርበታል። ጨው አንዴ ጨርቅና ስፖንጅ ውስጥ ከገባ ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ አላደርቅ ይላል። ለዚህ ነው ባለ ጀልባዎች በውድ ዋጋ ትራስና ፍራሽ አሠርተው በየጥቂት ዓመቱ ከመጣል የሚያድን፣ ርካሽና ጠንካራ ነገር ሲፈልጉ የኖሩት። የሚፈልጉት ነገር ወለጋ ውስጥ በብዙ አያቶች ጓዳ በአራት እግሩ ቆሞ ኖሯል፤ የጠፍር አልጋ።

የጠፍር አልጋ አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አራት እግር፣ አራት አግዳሚ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ በቁመትና በወርድ የተጠላለፈ የቆዳ ጠፍር። እንጨቱ አብዛኛውን ጊዜ ዋንዛ ነው፤ ለመጥረቢያም ለመሮም የሚታዘዝ፣ ምስጥም እንደ ሌላው እንጨት የማይደፍረው። ወለጋ ውስጥ ምስጥ ቀላል ነገር አይደለም። ነጆ፣ ጃርሶና መንዲ አካባቢ ሰብሉንም የቤቱንም ምሰሶ ሲበላ የኖረ ጠላት ነው። በምስጥ አገር ሣር ጎዝጉዞ መሬት ላይ መተኛት ጎዝጓዛውን ለምስጥ መቀለብ ነው። ከመሬት ከፍ ብሎ መተኛት እዚያ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

የሥራው ልብ ግን ጠፍሩ ነው። አልጋ ሠሪው የሚፈልገው ያልለፋ ጥሬ የከብት ቆዳ ነው። ቆዳው በካስማ ተወጥሮ ይደርቃል፣ ሥጋና ሞራው ይፋቃል፣ ከዚያ እስኪለሰልስ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ሲቆረጥ ዳር ዳሩ ተስተካክሎ ክብ ይያዝና ቢላው ከጠርዙ ተነሥቶ እየዞረ እየዞረ ወደ መሃል ይገባል። ስለዚህ ከአንድ ቆዳ የሚወጣው ብዙ ቁርጥራጭ ሳይሆን አንድ ረጅም ጠፍር ነው። ሒሳቡን ሠርቶ ማየት ይቻላል፦ 2.5 ካሬ ሜትር የሚሆን ቆዳ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቢቆረጥ 100 ሜትር ጠፍር ይወጣዋል። ርዝመቱ 1.90 ሜትር፣ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ለሆነ አልጋ በየ8 ሳንቲ ሜትሩ በሁለቱም አቅጣጫ ለመጠላለፍ 42 ሜትር ገደማ ይበቃል። በአግዳሚው ላይ የሚጠመጠመውና የሚቋጠረው ተጨምሮበት እንኳን የአንድ በሬ ቆዳ አንድ ሰው ያስተኛል፤ ለቤቱ በርጩማም ይተርፋል።

ጠፍሩ የሚጠላለፈው ርጥብ እንደሆነ ነው። ሠሪው በእግሩ አግዳሚውን ረግጦ በሁለት እጁ ይስበዋል፤ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፈ ይሄዳል። ጨርሶ ሲነሣ አልጋው ገና የላላ ነው። የቀረውን ሥራ የሚሠራው ጥላና ነፋስ ነው። ጥሬ ቆዳ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ መረቡ እንደ ከበሮ ይወጠርና አራቱን አግዳሚዎች እርስ በርስ ጎትቶ አልጋውን ያጠነክረዋል። ብዙ የጠፍር አልጋ ያለ አንድ ምስማር የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ምራኑን አጥብቆ ሞፈርና ቀንበር የሚያገናኝ ገበሬ ይህንን የቆዳ ጠባይ ከማንም መማር አያስፈልገውም።

ከላይ ጅንዲ ይነጠፍበታል። ኦሮምኛ ተናጋሪው አልጋውን ሲሬ፣ የሚነጠፈውን ቁርበት ኢቲሌ ይለዋል። በብርድ ጊዜ አጎዛ ይታከላል። ልስላሴው ከምን እንደሚመጣ እዚህ ላይ ማስተዋል ይገባል። ስፖንጅ የሚለሰልሰው ስለሚጨፈለቅ ነው፤ ዓመታት ሲጨፈለቅ ደግሞ ተመልሶ መነሣቱን ይተዋል። የጠፍር አልጋ የሚለሰልሰው የተወጠረው መረብ በሰውየው ክብደት ልክ ጎንበስ ብሎ ስለሚቀበለው ነው። ከሥሩ ክፍት ስለሆነ እርጥበቱ በየቀዳዳው ወርዶ ከቤቱ አየር ጋር ይቀላቀላል። ሻጋታ የሚደበቅበት ቦታ የለም።

ይህ ጥበብ የወለጋ ብቻ አይደለም፤ ወለጋ በንግድ ትገናኛት በነበረችው በሱዳንም አለ። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ቆመ። ከሰዮ፣ ማለትም ከዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ እና ከጎሬ ቡናው፣ ቆዳውና ሰሙ በበቅሎ እየወረደ ወንዙ በሚሞላበት የክረምት ወራት በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ስትወጣ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የወለጋ ቡና በወረደበት በዚያ በካርቱም በኩል ሰው የሚተኛውም በዚሁ ዓይነት አልጋ ነው። ሱዳኖች አንገሬብ ይሉታል፤ በጠፍር ወይም በገመድ የተጠለፈ የእንጨት አልጋ ነው። የዕድሜውን ርዝመት ያሳየው ሱዳን ውስጥ የተካሄደው የከርማ ቁፋሮ ነው፦ ከ3,500 ዓመት በፊት በኖረው በከርማ መንግሥት መቃብሮች ውስጥ ሙታኑ እግሮቻቸው እንደ በሬ እግር በተቀረጹ አልጋዎች ላይ ተኝተው ተገኝተዋል። አማርኛ ዙፋኑን አልጋ፣ የዙፋኑን ባለተራ አልጋ ወራሽ ማለቱም ለዚህ ዕቃ በአካባቢው የተሰጠውን ክብር ያሳያል።

መርከበኞችም በሌላ መንገድ ሄደው እዚያው ደርሰዋል። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ ከካሪቢያን ሰዎች የተንጠልጣይ መኝታን ጥቅም አዩ፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይልም በ1597 ለመርከበኞቹ ተቀበለው። ዛሬም በትንንሽ ጀልባዎች ጓዳ ውስጥ በብረት ቧንቧ ክፈፍ ላይ ሸራ በገመድ ጠልፎ የሚወጥር ብዙ ነው። ሲረግብ ገመዱን ማጥበቅ ነው፤ ሲረጥብ አውጥቶ ማስጣት ነው። ስፖንጅ ላይ መተኛት ያልቀረለት ደግሞ ከፍራሹ ሥር ረብራብ ጣውላ አድርጎ አየር ያሳልፋል። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የጣና ታንኳ ቀዛፊ የሚቀመጥበት የደንገል እስርም በዚሁ ሕግ የሚኖር ነው፦ ውኃው በመካከሉ ይገባል፣ ይወጣል፤ ታንኳው ከጉዞ ሲመለስ ዳር ላይ ወጥቶ ይደርቃል።

ጥሬ ቆዳን እንዳለ ጀልባ ላይ መውሰድ ግን አያዋጣም። ውኃ ሲጠጣ ይላላል፤ ሳይደርቅ ከቆየም ይበሰብሳል። በነቀምቴ ክረምትም ቢሆን የጠፍር አልጋ ረገብ ማለቱ አይቀርም። ሌላው ጉዳቱ ትኋን ነው። ጠፍሮቹ የሚሻገሩበት እጥፋት ለትኋን ምቹ መደበቂያ ነው፤ የፈላ ውኃ እንዳያፈሱበት ደግሞ ጥሬ ቆዳን ያኮማትረዋል። የቀረው መላ አልጋውን ፀሐይ ላይ አውጥቶ እያገላበጡ መምታት ነው። ብዙ ቤተሰብ የጠፍር አልጋውን ጥሎ ወደ ብረት አልጋና ስፖንጅ የሄደው ሌሊቱን በትኋን ስለተቃጠለ ጭምር ነው፤ ሊፈረድበት አይገባም።

ጠፍሩ ግን በሌላ ልብስ ተመልሷል። ያረጀ የመኪና ጎማ በቁመቱ ተሰንጥቆ በረባሶ እንደሚሆነው ሁሉ፣ አልጋና ሶፋ ሥር የሚወጠር የጎማ ጠፍርም ይወጣዋል። የናይለንና የፖሊስተር ገመድም አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ናይለን ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ፖሊስተር ግን ውጥረቱን ይይዛል። ስለዚህ ለጀልባ ጓዳም ሆነ እርጥበት ለማይለቀው የኪራይ ክፍል የሚሻለው ፖሊስተሩ ነው። የፈላ ውኃም አይፈራም፤ በገመዱ እጥፋት ውስጥ የተደበቀውን ትኋን በፈላ ውኃ መግደል ይቻላል።

ጥቅምት ሲገባ የወለጋ ሰማይ ይጠራል። የጠፍር አልጋ ያለው ቤት ያን ጊዜ አልጋውን ደጅ ያወጣል። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆማል፤ አንዱ የጠፍሩን ጫፍ ፈትቶ ውኃ ያርሰዋል፣ ሌላው ከወዲያኛው አግዳሚ ጀምሮ መስመር በመስመር እየሳበ የረገበውን ወደ ጫፉ ይሰበስባል። የተረፈው ስንዝር ሁለት ስንዝር ጠፍር ተቋጥሮ አይቆረጥም፤ ለከርሞ ይቀመጣል።