አክታ ያለው ሳልና ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፦ ጥምር የሳል ሽሮፕ መቼ ይጠቅማል፣ መቼስ ይጎዳል?

ባሕር ዳር፦ የውቂያ ወቅት ሲደርስ የአውድማው እብቅና አቧራ፣ በቤት ውስጥ ደግሞ የማገዶው ጭስ መተንፈሻ አካልን ይፈታተናሉ። ጉንፋን ሲታከልበት ሳሉ ይበረታል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ወደ መድኃኒት ቤት ጎራ ብለው "የሳል ሽሮፕ" ይጠይቃሉ። ይሁን እንጂ በአንዱ ጠርሙስ ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ መድኃኒቶች ተቀላቅለው ሊገኙ እንደሚችሉ ሁልጊዜ ልብ አይባልም።

በጠርሙሱ ውስጥ ምን አለ?

በጥምር ሽሮፖች ውስጥ የሚገኙት መድኃኒቶች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹ እንደ ጓይፌኔሲን፣ ብሮምሄክሲንና አምብሮክሶል ያሉት ሲኾኑ አክታን አቅጥነው በቀላሉ እንዲወጣ ለማገዝ የሚሰጡ ናቸው። ሁለተኛዎቹ እንደ ሳልቡታሞል ያሉ የአየር ቧንቧን የሚያሰፉ ናቸው። ሦስተኛዎቹ እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉ የአለርጂ መድኃኒቶች ሲኾኑ እንቅልፍ ያመጣሉ። አራተኛዎቹ ደግሞ እንደ ዴክስትሮሜቶርፋን ያሉ የሳልን ስሜት የሚያፍኑ ናቸው።

አርሶ አደሩ የአረም መድኃኒት ለተባይ እንደማይረጭ ሁሉ ሽሮፕም እንደ ሳሉ ዓይነት መመረጥ አለበት። አክታ ያለው ሳል ሰውነት ሳንባውን የሚጠርግበት መንገድ ነው። ይህን ሳል በሚያፍን መድኃኒት ማስቆም አክታው በደረት ውስጥ እንዲቀር ሊያደርግ ይችላል። አክታ የሚያቀጥንና ሳል የሚያፍን መድኃኒት በአንድ ጠርሙስ ሲገኙ ደግሞ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይጎትታል።

ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ

ይህ ድምፅ የአየር ቧንቧ መጥበቡን ያመለክታል። መንስኤው አስም ወይም ሌላ የሳንባ ሕመም ሊኾን ስለሚችል በቅድሚያ ምርመራ ያስፈልገዋል። ለአስም የሚመረጠው በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ነው፤ በቀጥታ ወደ ሳንባ ስለሚደርስ በአነስተኛ መጠን ፈጥኖ ይሠራል። በሽሮፕ መልክ የሚወሰድ ሳልቡታሞል ግን የሚሠራው ዘግይቶ ነው፤ የልብ ምት መፍጠንና የእጅ መንቀጥቀጥም ያስከትላል።

ጥንቃቄዎች

የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ባለሙያ ሳያማክሩ ጥምር ሽሮፕ መውሰድ የለባቸውም። እንቅልፍ የሚያመጣ ሽሮፕ የወሰደ ሰው መኪና፣ ባጃጅም ኾነ የመውቂያ ማሽን ማንቀሳቀስ አይገባውም። ፓራሲታሞል ያለበትን ሽሮፕ ከፓራሲታሞል ክኒን ጋር ደርቦ መውሰድ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። መጠኑም በወጥ ቤት ማንኪያ ሳይኾን ከጠርሙሱ ጋር በሚመጣው መለኪያ መለካት አለበት።

ለአዋቂ የተገዛን ሽሮፕ ቀንሶ ለሕጻን መስጠት አደገኛ ነው። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ለኾነ ሕጻን ማር ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ግን ማር አይሰጥም።

የሚገዛበት ቦታም ሊታሰብበት ይገባል። በመስከረም 2015 ዓ.ም የዓለም ጤና ድርጅት በጋምቢያ በተገኙ አራት የሕጻናት ሽሮፖች ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሽሮፖቹ ኩላሊትን በሚጎዱ ኬሚካሎች የተበከሉ ነበሩ፤ ከ60 በላይ ከሚኾኑ ሕጻናት ሞት ጋርም ሊያያዙ እንደሚችሉ ድርጅቱ ገልጿል። ስለዚህ ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ብቻ መግዛት፣ የማብቂያ ጊዜውንም ማየት ይገባል።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት። ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ ቀን መቁጠር አያስፈልግም። በሳልና በትኩሳት የተያዘ ሕጻን በደቂቃ የሚተነፍሰው ከሁለት ወር በታች ኾኖ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ከኾነ የሳንባ ምች ሊኾን ይችላል። ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ መጥባት የተሳነው ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ሕጻን በአስቸኳይ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። እንዲህ ባለው ጊዜ ሽሮፕ እየሰጡ ለውጥ መጠበቅ ሕይወት የሚያድነውን ሰዓት ያባክናል።

ወደ መድኃኒት ቤት የሚሄድ ሰው ሳሉ ደረቅ ይኹን አክታ ያለው፣ ከጀመረ ስንት ቀን እንደኾነው፣ ሌላ የሚወስደው መድኃኒት መኖሩንና የታማሚውን ዕድሜ ለባለሙያው መንገር አለበት። ባለሙያው ተገቢውን መድኃኒት መምረጥ የሚችለው በዚህ መረጃ ነው።