ሻጋታው፣ አይጦቹና «ባይሆን ኖሮ»

ሰኞ ጠዋት ኢንኩቤተሩን ስከፍት አንዱ ፕሌት ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ወጥቶበታል። አርብ የዘራሁት እኔ ነኝ፤ ክዳኑን በደንብ ሳልገጥመው ሄጄ ኖሯል። አውቶክሌቭ ወደሚገባው ቆሻሻ ልጥለው ስል ለልምምድ የመጣችው ተማሪ «ጋሼ፣ ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግም የሻገተ ፕሌቱን እንዲህ ጥሎት ቢሆን ኖሮስ?» አለችኝ።

ፕሌቱን ጣልኩት፤ ጥያቄዋን ግን ይዤ ዋልኩ።

«ቢሆን ኖሮ» ማለት ለብዙ ሰው የፈሰሰ ውሃ ማፈስ ነው። እኛ የላብራቶሪ ሰዎች ግን ኮንትሮል እያልን በየቀኑ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። በሜይ 1940 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ውስጥ ሃዋርድ ፍሎሪና ባልደረቦቹ ስምንት አይጦችን ገዳይ መጠን ያለው ስትሬፕቶኮከስ ወጉ። ለአራቱ ፔኒሲሊን ሰጡ፣ አራቱን ተዉ። ሲነጋ ያልተሰጣቸው አራቱም ሞተዋል፤ የተሰጣቸው በሕይወት አሉ። የሞቱት «መድኃኒቱ ባይሰጥ ኖሮ» ለሚለው መልስ ሆኑ።

ታሪክ እንዲህ ያለ ኮንትሮል የለውም። የፍሌሚንግ ፕሌት ላይ ሻጋታ ያልወደቀበት ሌላ 1928 የለንም። የሚቀራረብ ነገር ግን መፈለግ ይቻላል። ፈረንሳዊው ኧርነስት ዱሼን በ1897 ሻጋታና ባክቴሪያ እንደሚጣሉ በመመረቂያ ጽሑፉ አሳይቶ ነበር፤ የተከተለው አልነበረም። የፍሌሚንግ የ1929 ጽሑፍም ለአሥር ዓመት ያህል ፔኒሲሊንን ወደ መድኃኒትነት አላደረሰውም። ማየት ብቻውን አልበቃም ማለት ነው። በሌላ በኩል ሬኔ ዱቦ በ1939፣ የሰልማን ዋክስማን ላብራቶሪ ደግሞ በ1943 ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት ያገኙት ከአፈር ተሕዋስያን ነው። መንገዱ አንድ ብቻ አልነበረም።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ እንዲህ አልኳት፦ «ፕሌቱ ቢጣልም አንቲባዮቲክ በሌላ በር ይመጣ ነበር ብዬ አስባለሁ። እነፍሎሪ ባይኖሩ ኖሮ ግን ፔኒሲሊን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሃል ለቁስለኛ መድረሱን እጠራጠራለሁ። አንዱን ምክንያት አንሥተሽ ምን እንደሚወድቅ ስታዪ ነው ክብደቱ የሚታወቀው።»

«የዛሬው ሻጋታስ?»

«ክዳኑን ብገጥመው ኖሮ አይወጣም ነበር።»

«በምን አወቁ?»

በዚያው ቀን የዘራሁትን፣ ክዳኑ ገጥሞ አጠገቡ ያደረውን ፕሌት አነሣሁና ብርሃን ላይ ያዝኩላት። አንድም ሻጋታ አልነበረበትም።