ትከሻ ሰፊ ያደረገን አጥንት

የራያ ቆላ ማሽላ ሲያፈራ የቆቦ ገበሬ ከወፍ ጋር ሙግት ይገጥማል። ጠባቂው ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፉን ከራሱ በላይ ያሽከረክርና ድንጋዩን ወደ ግሪሳው ይለቀዋል። በማሳው ዳር የሚያልፈው ግመል ግን የፊት እግሩን እንዲህ ማዞር አይችልም። ሰው ያለው፣ ግመል የሌለው አንድ ቀጭን አጥንት አለ፤ ከጉሮሮ ሥር ካለችው ጎድጓዳ ቦታ ግራና ቀኝ ተነስቶ እስከ ትከሻ ጫፍ የተጋደመው።

ክንድን ከደረት ጋር በአጥንት የሚያገናኘው እሱ ብቻ ነው። የራያ እረኛ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን ሲያንጠለጥልበት ተመልክታችሁ ይሆናል። ዱላው እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ እንደሚይዝ፣ ይህም አጥንት ትከሻን ከደረት አርቆ ይይዛል፤ ክንድ እንደልቡ የሚዞረው ለዚህ ነው። የግመል፣ የበሬና የፍየል የፊት እግር ግን ከደረት ጋር የተያያዘው በጡንቻ ነው። ለመራመድ ይህ ይበቃቸዋል።

ሐኪሞች ክላቪክል ይሉታል፤ በላቲን «ትንሽ ቁልፍ» ማለት ነው። እውነትም ክንድ ወደ ላይ ሲነሳ አጥንቱ እንደ ቁልፍ በራሱ ላይ ይዞራል። በማኅፀን ውስጥ ከሁሉ ቀድመው መጠንከር ከሚጀምሩት አጥንቶች አንዱ ነው፤ የውስጠኛው ጫፉ ግን እድገቱን የሚጨርሰው ከ20 ዓመት በኋላ፣ ብዙዎች ጎጆ ከወጡ በኋላ ነው።

ዕድሜውም ረጅም ነው። በአፋር ወራንሶ ሚሌ የቅሪተ አካል ተመራማሪው የዮሐንስ ኃይለሥላሴ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 ባገኘውና 3.58 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነው፣ «ካዳኑሙ» በተባለው የጥንት ሰው መሰል ፍጡር ቅሪተ አካል ውስጥ ይህ አጥንት አለ።

በጽሑፍስ? ቁርኣን በ75ኛው ምዕራፍ፣ በአል ቂያማ፣ የሞትን ሰዓት የሚገልጸው ነፍስ እዚህ አጥንት ዘንድ ስትደርስ ነው። የአማርኛ ጸሐፊ ግን ምስጋናውን ለትከሻ ይሰጣል፦ ቻዩን ሰው «ትከሻ ሰፊ» ይለዋል፤ ኃላፊነትንም ትከሻ ላይ ይጥላል። ያን ስፋት የሚሰጠው ግን ከፊት የተጋደመው ይህ አጥንት ነው።

ሰው በትከሻው ሲወድቅ ጉዳቱ እሱ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ የሚሰበረውም ብዙ ጊዜ ከመሃሉ ነው። ከሥሩ ወደ ክንድ የሚያልፉ ዋና የደም ሥሮችና ነርቮች አሉ። ስለዚህ የተጎዳውን ሰው አትሹት፤ ክንዱን በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥሉለትና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።