ሳንቲሙ እውነተኛ ነውን? የጥንት የቻይና ሳንቲሞችና የፊዚክስ ምስክርነት

እ.ኤ.አ. በ2013 በኬንያ ጠረፍ በማንዳ ደሴት ቁፋሮ ያካሄዱ ተመራማሪዎች፣ መካከሉ በአራት ማዕዘን የተበሳ አንድ ክብ ሳንቲም ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። በላዩ ያሉት አራት የቻይና ፊደላት «ዮንግሌ ቶንግባኦ» የሚሉ ሲሆኑ፣ እስከ 1424 ቻይናን የገዛውን የሚንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት የዘመን ስም ይጠቅሳሉ። እንዲህ ያለ ሳንቲም ስለ ጥንቱ የባሕር ንግድ ሊመሰክር የሚችለው ግን በቅድሚያ ራሱ እውነተኛ ሲሆን ብቻ ነው። ለመሆኑ እውነተኛነቱ በምን ይታወቃል?

ጽሑፉ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም። ይኸው ጽሑፍ ያለበት ሳንቲም በጃፓንም ተመስሎ ተሠርቷል፤ ዛሬም ለገበያ የሚያስመስሉ አሉ። ስለዚህ ከፊደላቱ አልፎ ቁሱን ራሱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ምስክር የአሠራሩ ስልት ነው። የአክሱም ሳንቲሞች በማኅተም ተመትተው ሲሠሩ፣ የሚንግ ዘመን ሳንቲሞች ግን የቀለጠ ነሐስ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ በማፍሰስ ይዘጋጁ ነበር። ከዚያም በካሬው ቀዳዳ በኩል በዘንግ ላይ ተሰክተው ጠርዛቸው በሞረድ ይስተካከላል። እውነተኛውን ሳንቲም በአሸዋ ላይ አትሞ አምሳያውን የሚያፈስ ሰው ከአንድ የተፈጥሮ ሕግ አያመልጥም፤ ነሐስ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። መኮማተሩ 1.5 በመቶ ያህል ቢሆን፣ 25 ሚሊሜትር የነበረው ስፋት ወደ 24.6 ሚሊሜትር ይወርዳል። ጠርዝ በአገልግሎት ብዛትም ስለሚያልቅ፣ በፊደላቱ መካከል ያለውን ርቀት ከታወቁ ናሙናዎች ጋር ማነጻጸር ይመረጣል።

ሁለተኛው ምስክር ቅይጡ ነው። የቻይና ሳንቲሞች ለብዙ ዘመናት የተሠሩት ከመዳብ፣ ከቆርቆሮና ከእርሳስ ነው። ዚንክን ከመዳብ ጋር የሚቀይጠው ናስ ቦታውን የያዘው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንግዲህ በ«ዮንግሌ» ሳንቲም ውስጥ 30 በመቶ ዚንክ ቢገኝ፣ ሳንቲሙ በዚያ ንጉሠ ነገሥት ዘመን አልተሠራም ማለት ነው። ይህንን ሳንቲሙን ሳይጎዱ ለመለካት ኤክስሬይ ፍሎረሰንስ የተባለው ዘዴ ያገለግላል። በኤክስሬይ የተመታ አቶም የራሱ መለያ የሆነ ጨረር መልሶ ይለቃል፤ የመዳብ ዋነኛ ጨረር 8.05፣ የዚንክ ደግሞ 8.64 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ይሁን እንጂ ዘዴው የሚያየው የላይኛውን ስስ ንብርብር ብቻ ነው። አፈር ውስጥ የቆየ ናስ ከገጹ ዚንክ ሊያጣ ስለሚችል፣ በዝገቱ ላይ የተወሰደ ልኬት ሊያሳስት ይችላል።

ብልህ አስመሳይ ይህንንም ፈተና ሊያልፍ ይችላል። ርካሽ የሆኑ የጥንት ሳንቲሞችን አቅልጦ ውድና ብርቅዬ ሳንቲም ቢያፈስ፣ ቅይጡ ጥንታዊ፣ ሳንቲሙ ግን ሐሰተኛ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሦስተኛው ምስክር፣ ማለትም ዝገቱ፣ ይጠየቃል። በመዳብ ቅይጥ ላይ በረጅም ዘመን የሚፈጠረው ዝገት ብዙውን ጊዜ ከሥር ቀይ ኦክሳይድ፣ ከላይ አረንጓዴ ካርቦኔት ሆኖ ወደ ቅይጡ ቅንጣቶች ሥር ይሰዳል። በሙጫ የተለጠፈ አረንጓዴ ቀለም ግን በአሴቶን ሊለቅ ይችላል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይም ሥር የለውም።

ከዚህ ሁሉ አንድ ቁም ነገር እንማራለን። አንድ የማያሻማ ልኬት ሐሰቱን ሊያጋልጥ ይችላል፤ እውነቱን ግን አንድም ልኬት ብቻውን አያረጋግጥም። ፈተናዎቹን ሁሉ ያለፈ ሳንቲም «እስካሁን አልተረታም» ይባላል እንጂ ጥያቄው ተዘግቷል አይባልም። ከገበያ የተገዛ ሳንቲም ምስክሩ ራሱ ብቻ ነው፤ በሥርዓት ከተቆፈረ ጉድጓድ የወጣው ግን አብረውት ያሉት የአፈር ንብርብሮችና ስብርባሪ ሸክላዎችም ይመሰክሩለታል። የማንዳው ሳንቲም ክብደትም ከተገኘበት ቦታ የሚመነጭ ነው። አንድን ጥንታዊ ዕቃ ቦታውን ሳይመዘግብ ከአፈር የሚያነሣ ሰውም፣ የትኛውም የላቦራቶሪ መሣሪያ ሊመልሰው የማይችለውን ማስረጃ ያጠፋል።