ኔጋቲቩ ሳይጠፋ ስካነር እንምረጥ

ቬስትሊ (ኦስሎ)፦ የኦስሎ የምድር ባቡር መጨረሻ በሆነችው ቬስትሊ የበረዶው ወራት ረጅም ነው። ከአገር ይዘነው የወጣነውን ፎቶግራፍ ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ግን ይመቻል። የትኛው ስካነር ይገዛ ለሚለው ጥያቄ የሚከተለውን እንላለን።

ነገሩ የቅንጦት አይደለም። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ላይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው ምስክሩ የሟቾቹ ፎቶግራፍ መሆኑን ያውቃል። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍም ከየቤቱ በተሰበሰቡ አሮጌ ፎቶዎች የተሠራ ነው።

በመጀመሪያ ያላችሁን ለዩ። ሁሉም ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ከሆነ እንደ ፕላስቴክ ያለው የፊልም ብቻ ስካነር ይሻላል። የታጠበ ፎቶና ሰፋፊ የስቱዲዮ ኔጋቲቭ ከተቀላቀለበት ግን ክዳኑ ላይ መብራት ያለው፣ እንደ ኤፕሰን ቪ600 ያለ ጠፍጣፋ ስካነር ያስፈልጋል። የብዙዎቻችን ሳጥን እንዲህ የተደበላለቀ ነው።

ሁለተኛ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር አያታላችሁ። 6400 ዲፒአይ የተባለው ጠፍጣፋ ሲፈተሽ የሚያወጣው ሩቡን ያህል ነው። 7200 የተባለው የፊልም ስካነር ከ3000 ጥቂት ያልፋል። ይህ ግን ከአንድ የ35 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቭ 12 ሜጋፒክስል ስለሚሰጥ ከበቂ በላይ ነው።

ሦስተኛ፣ አቧራ በኢንፍራሬድ ያጠፋል ለሚባለው ተጨማሪ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ፊልሙን እዩ። ጥቁርና ነጩ ፊልም ላይ ያለው ብር ጨረሩን ስለሚያግድ አይሠራም። ለእሱ የሚበጀው ለስላሳ ብሩሽ ነው።

አራተኛ፣ ኔጋቲቩ ካለ ከታጠበው ፎቶ ይልቅ እሱን ገልብጡ። በመንግሥት ጋዜጣ የሠራን እንደምናውቀው፣ ከሥልጣን የወረደ ሰው ከሚታተመው ፎቶ ላይ ይቆረጣል፤ ኔጋቲቩ ላይ ግን እንደቆመ ይቀራል።

ሲጨርሱ ሁለት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ ሌላ ቤት ይቀመጥ። ኢንተርኔት ላይ ከማውጣታችሁ በፊት አገር ቤት ያለ ሰው እንዳይጎዳ አስቡ። ከሁሉም በላይ ግን እናትና አባት፣ አክስትና አጎት በሕይወት ሳሉ ደውላችሁ የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ቦታና ዓመት ጻፉ። ስም የሌለውን ፊት የትኛውም ስካነር አያድነውም።