«ጨለምተኝነት» እና «ተስፋ መቁረጥ»

አሜሪካዊው የአስፈሪ ልብ ወለድ ደራሲ ቶማስ ሊጎቲ የትረካ ስልቱን ከላቭክራፍት፣ ሐሳቡን ከሾፐንሃወርና ከኖርዌያዊው ዛፕፈ ቀስሟል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው የሐተታ መጽሐፉም፣ ሰው ባይፈጠር ይሻል ነበር እያለ ይሟገታል። ይህን ፔሲሚዝም «ተስፋ መቁረጥ» ብሎ መተርጎም ያሳስታል፤ ተስፋ መቁረጥ በቤተ ክርስቲያን ኃጢአት ስለሆነ፣ አንባቢው ክርክሩን ሳይመዝን ደራሲውን ይኮንናል። የመጽሐፈ መክብብ «ከንቱ»ም አይተካውም፤ መክብብ ነገሩን የሚደመድመው እግዚአብሔርን በመፍራት ነውና።

ከ«ጨለማ» የወጣው «ጨለምተኝነት» ይሻላል። ሆኖም ከኩልመስክ እስከ አዲስ አበባ ሐዘንተኛ «ዓለም ጨለመበት» ስለሚባል፣ ቃሉ ብቻውን ስሜትን ያመለክታል። ስለዚህ ለአስተምህሮው «ፍልስፍናዊ ጨለምተኝነት»፣ ለጠባዩ «ጨለምተኝነት»፣ ለልብ ስብራት «ተስፋ መቁረጥ» ቢባል፣ ሦስቱም ሳይምታቱ በየቦታቸው ይቆማሉ።